አንድ ቤት፣ ሁለት በር

ባክአፓችን ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋትም አያልቅም ነበር። ስቶሬጁ (ባክአፑ የሚቀመጥበት የዲስክ ሳጥን) ላይ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋቢት የሆኑ ሁለት የኔትወርክ ገመዶች ተሰክተዋል። የሚሠራው አንዱ ነው፤ ሌላው መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይውላል።

አይስካዚ (የስቶሬጁን ዲስክ በኔትወርክ በኩል እንደ ራሳችን ዲስክ የሚያስጠቅመን ደንብ) በ2004 እ.ኤ.አ. ከወጣው መስፈርት ጀምሮ በአንድ ሴሽን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከስቶሬጁ ጋር በሚከፍተው አንድ ግንኙነት ውስጥ፣ ብዙ ኮኔክሽን (የኔትወርክ መስመር) ይፈቅዳል። የስቶሬጁ መመሪያም ይህን አብሩት፣ ይፈጥናል ይላል። አበራሁት። ዊንዶውሱ ላይ ሠራ፣ ሊኑክሱ ላይ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ቀን ካቃጠልኩ በኋላ ነው የገባኝ። የኮኔክሽኑ ቁጥር በሁለቱ ወገን ድርድር የሚወሰን ነው፤ ትንሹ ቁጥር ይጸድቃል። የሊኑክሱ የአይስካዚ ፕሮግራም፣ ኦፕን-አይስካዚ፣ ደግሞ በአንድ ሴሽን ከአንድ በላይ አይከፍትም። የማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ግን «ኮን[0]» የሚል አለ። ዜሮ ካለ አንድም ይኖራል ብዬ «ኮን[1]» ጨምሬ ነበር፣ ሞኙ!

እሺ ብዬ በየገመዱ አንድ አንድ ሴሽን ከፈትኩ። ያው አንዱ ዲስክ ኤስዲቢ እና ኤስዲሲ ሆኖ ሁለት ጊዜ ብቅ አለ። እዚህ ላይ ነው ጉዴ የፈላው። አንድ ቤት ሁለት በር ቢኖረው ምን ችግር አለው ብዬ ሁለቱንም ማውንት አደረግኩ፣ ማለትም ፋይል እንዲጻፍባቸው ከሲስተሙ ጋር አያያዝኳቸው። የዳታቤዙን ባክአፕ በአንዱ፣ የፋይሎቹን በሌላው ላኩ። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት በአንዱ በር የገባው ፋይል በሌላው አይታይም። ዲስኩ ላይ ፋይሎቹን የሚያደራጀው ኢኤክስቲ4 እያንዳንዱን ማውንት ለብቻው ነው የሚይዘው። አንዱ የያዘውን ቦታ ሌላው ባዶ ነው ብሎ ይጽፍበታል። መጠገኛውን ኤፍኤስሲኬ ሳስኬድ «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» በሚባለው ማህደር ውስጥ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የሆኑ ፋይሎች ተከመሩ። በኢኤክስቲ4 ፋንታ ኤክስኤፍኤስ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ መለያ ቁጥር ተመሳሳይ ነው ብሎ ሁለተኛውን ማውንት እምቢ ይለኝ ነበር። ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሁለተኛውን ሴሽን ከመክፈታችሁ በፊት መልቲፓዝን ጫኑ። ሁለቱን መንገድ አንድ ዲስክ አድርጎ ያሳያችኋል፤ ማውንት የሚደረገው እሱ ብቻ ነው። የእኔው ሲጫን አንዱን ገመድ ለመጠባበቂያ ብቻ አስቀምጦት ስለነበር ሁለቱንም አብሮ እንዲያሠራ «መልቲባስ» ብዬ መቀየር ነበረብኝ።

ዊንዶውሱ ላይ የሠራውን ብዙ ኮኔክሽንም አጠፋሁት፣ መመሪያው የፈለገውን ይበል። በአንድ ሴሽን ውስጥ ትእዛዞች በተራ ቁጥር ነው የሚስተናገዱት። አንዱ ገመድ ላይ ትእዛዝ ከዘገየ በሌላው ቀድሞ የደረሰውም ቆሞ ይጠብቀዋል።

ባክአፑ አሁን ሥራ ሳንገባ ያልቃል። ቁጥር ብቻ የሆኑትን ፋይሎች ግን አላጠፋኋቸውም፤ አንድ ቀን የዳታቤዙ ቁራጭ ይገኝባቸዋል እያልኩ።