እሁድ መድረክ ላይ ያላልኩት

ባለፈው እሁድ ቸርች ውስጥ ለወጣቶች እንድናገር ተጠየቅኩ። ርዕሱ ተሰጥቶኛል፤ "በወረርሽኝ ጊዜ ውጭ አገር ማገልገል"። አስር ደቂቃ አወራሁ። ጌታ እንዴት እንደጠበቀኝ፣ ልጆቹ እንዴት እንደለመዱኝ፣ ስድስት ወር ብዬ ሄጄ እንዴት እንደቆየሁ። አሜን አሉ፣ አጨበጨቡ፣ ወረድኩ። የተናገርኩት ውሸት የለበትም። ግን እዚሁ ደሴ ከፒያሳ ወደ ሆጤ በእግሬ ስመለስ ሆዴ ውስጥ የቀረው ካወራሁት በለጠብኝ። ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩት ነው።

አያቴ ሙስሊም ናት፣ እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ለወሎ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እናቴ ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ እማ ነው የምላት። ጥር 2012 ኬንያ ውስጥ ወዳለ አንድ የክርስቲያን አዳሪ ትምህርት ቤት በነጻ ላገለግል ስነሳ ፓስተሩ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። እማ ደግሞ ማታውኑ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ሰብስባ፣ እስከ በረካው ድረስ ዱአ አስደረገችልኝ። በሁለቱም አሜን ብዬ ነው ደሴን የለቀቅኩት።

ቦታው ከስምጥ ሸለቆው በላይ ደጋ ላይ ነው። ብርዱ የኛኑ ይመስላል፤ ጠዋት ጭጋጉ ሲወርድ ጦሳ ተራራ ሥር ያለሁ እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ሥራዬ ዶርም ውስጥ ነበር። እነሱ ዶርም ፓረንት ይሉታል፣ እኛ ብንሆን ሞግዚት እንለው ነበር። ልጆቹ ወላጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑ ሚሲዮናውያን ናቸው። አንዱ ቻድ፣ አንዱ ደቡብ ሱዳን። ልጅ ማታ አልጋው ውስጥ ገብቶ ሲያለቅስ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ሻይ ይዞ መግባት፣ ሥራው በአጭሩ ይሄ ነው።

መጋቢት 4፣ አርብ ቀን፣ ኢትዮጵያም ኬንያም የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ አሳወቁ። በአንድ ቀን። እሁድ ዕለት ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ፣ አዳሪዎቹም እስከ ረቡዕ ልጆቹን ይሸኙ አሉ። ግቢው በሦስት ቀን ተራገፈ። መጋቢት 16 ደግሞ የውጭ አገር በረራ ቆመ። መሄጃ ያጡ ሰባት ልጆች ቀሩ፣ እኔም ቀረሁ።

ቀጥሎ የሰዓት እላፊው መጣ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11። እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። ፈረንጆቹ መምህራን ሰባት ሰዓት እያሉ ሲያወሩ እኔና ኬንያዊው ወጥ ቤት በዓይን እንጠቃቀስ ነበር። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው፤ "ሳ ሞጃ" ይላል፣ አንድ ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰዓታችን የገጠመው የኔና የሱ ብቻ ነው።

በቀን ሁለቴ የሰባቱንም ልጆች ሙቀት እለካና ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደ ውድድር ያዘው። "ስንት መጣሁ?" ይላል። 36.4። ከጓደኛው ካነሰ ይናደዳል። አንድ ማታ ግን ራሱ መጥቶ "ዛሬ አሸንፌያለሁ" አለኝ። ለካሁት፤ 38.1። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለብቻው ክፍል አስገባነው፣ እኔ ከበሩ ውጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አደርኩ። በሩ መሀል ሆኖ ወሬ ይጠይቀኛል፣ አገሬ ጅብ አለ ወይ ይለኛል፣ አለ እለዋለሁ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ሌሊት ሲጮህ ይሰማል ስለው እንቅልፉ ጭራሽ ጠፋ። ይሄን ለምን እንደነገርኩት እስካሁን አላውቅም። ጠዋት ነርሷ መጥታ ጉሮሮውን አየችው፣ ቶንሲል ነው። ለእማ በኢሞ ስነግራት "እንጥሉ ወርዶ ነው ብዬሽ አልነበር?" አለችኝ። አላለችኝም ነበር። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አዘዘችለት።

እሁድ ይሄን ሁሉ ተናግሬዋለሁ፣ በተለይ ጅቡን። ሳቁ።

ያልተናገርኩት ስለ አንሶላው ነው።

ዶርሙ ውስጥ የምታጥብ አንዲት ሴት ነበረች፤ እንደ አገሩ ልማድ ማማ ነው የምንላት። አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር፣ ጥጉ እንዴት ታጥፎ ከፍራሹ ሥር እንደሚገባ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በሽታው ሲመጣ ከግቢ ውጭ የሚኖር ሠራተኛ እንዳይገባ ተባለ። ይሄ ይገባኛል፣ ልጆቹን ለመጠበቅ ነው። ግን "ለጊዜው ያለ ደሞዝ" የምትል ነገር አብራ ነበረች። እኔ ያኔ ለዚች ነገር ጆሮ አልሰጠኋትም። ጓንቴን አጠለቅኩና ልብስ ማጠቢያው ፊት ቆምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። አገልግሎት ማለት ይሄ ነው አልኩ። አረፋ የነካ እጄን ፎቶ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ፣ የደሴ ቸርች ልጆች "ተባረኪ" እያሉ አጥለቀለቁኝ።

ወጥ ቤቱ ነው የነገረኝ። ሊወቅሰኝ ብሎም አይደለም፣ ድንች እየላጥን ጨዋታ ላይ ነበርን። ሦስት ልጆች አሏት፣ የቤት ኪራይ የምትከፍለው በዚያች ደሞዝ ነው አለኝ። ቢላዬን ይዤ ቀረሁ። እኔ በነጻ ስለማጥብ ትምህርት ቤቱ ለሷ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። የኔ ነጻ አገልግሎት የሷ ኪራይ ነበር።

አለቃዬ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። ልጆቹ ሲሄዱ ክፍያውም ሄዷል፣ ትምህርት ቤቱም ተጨንቋል አለኝ፣ ፊቱ ላይም ጭንቀቱ ይታያል። ጽፎ አቀርባለሁ አለ። አቅርቦ እንደሆነ እንጃ፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ይሄንንም እሁድ አልተናገርኩም። አንሶላውን ደግሞ ማጠቤን አላቆምኩም፤ ሰባት ልጅ ቆሻሻ ላይ አይተኛም።

ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። ያኔ በኤም-ፔሳ እስከ 1,000 ሺሊንግ መላክ ከክፍያ ነጻ ተደርጎ ነበር። ከኪስ ገንዘቤ ላይ በየሳምንቱ 1,000 እልክላታለሁ። መጀመሪያ የላክሁ ቀን ደወለች። እኔ ይቅርታ ለማለት በስዋሂሊ ቃል እየፈለግኩ ነው፣ እሷ ግን ስለ ብሩ "አሳንቴ" ካለች በኋላ የጠየቀችኝ ሌላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት አንሶላውን ከገመዱ ላይ አወርደዋለሁ ወይ? አላወርድም ነበር። ለካ ሁልጊዜ አቧራ እየጠጣ የሚገባው ለዚህ ነው።

እዚህ ደሴ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ 12ኛ ክፍል ነበረች፣ ፈተናው ተራዝሞ ቤት ቁጭ ብላለች። እማን በኢሞ የምታገናኘኝ እሷ ናት። ሰኔ 23 ኢንተርኔቱ አገር አቀፍ ሲዘጋ ኢሞውም ተዘጋ። መደበኛው ስልክ አንዴ ይገባል አስሬ አይገባም፣ ሲገባም እማ "ደህና ነኝ፣ አብሽሪ" ብላ ትዘጋብኛለች፣ ሒሳብ እንዳይቆጥርብኝ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ነው ልጅቷ የነገረችኝ። እማ አልጋ ይዛ ነበር። ኮሮና ይሁን ጉንፋን አልተመረመረችም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስደው ያስተኙኛል ብላ ሳሏን በነጠላዋ ታፍን ነበር። ያቺ የ18 ዓመት ልጅ ውሃ ስትቀዳ፣ አጥሚት ስትሠራ፣ ሌሊት ስትገላብጣት ከርማለች። እኔ ያኔ የሰው ልጅ ሙቀት ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

መስከረም 2013 ተመለስኩ። ለልጅቷ ከሻንጣዬ ስጦታ አወጣሁ፣ በፖስታ ብርም ጨመርኩበት። ስጦታውን ወሰደች። ፖስታውን ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ተቀጥሬ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሳምንት እኛ ቤት አልመጣችም። ኬንያ ላይ መክፈል የነበረበት ሳይከፍል ቀረ፣ እዚህ ደግሞ እኔ መክፈል በማይገባኝ ቦታ ከፈልኩ።

በኋላ እማ ራሷ ለቡና ጠራቻትና መጣች። የዚያን ቀን ጠዋት የእማን አልጋ እንደ ማማ አድርጌ አንጥፌው ነበር። አንሶላው ተወጥሮ፣ ጥጉ ታጥፎ፣ አንድ እጥፋት የለበትም። ኮርቼበታለሁ። ከቡናው በኋላ እማ ጋደም ልትል ገባች፣ ትንሽ ቆይታ ተጣራች። ሁለታችንም ሮጥን። እግሯን ማንቀሳቀስ አቅቷት በጀርባዋ ተንጋላለች።

"ምነው ልጄ፣" አለች፣ "ገና ሳልሞት ከፈንሽኝ እኮ!"

ልጅቷ በሳቅ ሞተች። አልጋው ግርጌ ሄዳ አንሶላውን በሁለት እጇ ጎትታ አወጣችው።