የመሳሚያው ምሰሶ

ቅዳሜ ጠዋት እኔና የአክስቴ ልጅ ኒው ዮርክ፣ ባትሪ ፓርክ ጀልባ ተሳፈርን። ጀልባዋ መጀመሪያ የነፃነት ሐውልት ጋ ትቆማለች። ሰው ለፎቶ ተንጋግቶ ወረደ። እኛም ወረድን፤ መዋሸት ምን ያደርጋል። የኔ ልብ ግን ቀጣዩ ፌርማታ፣ ኤሊስ ደሴት ላይ ነበር።

ከ1892 እስከ 1954 (በፈረንጆቹ ነው) ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ በዚህች ደሴት አልፏል። ደረጃውን ሲወጣ ሐኪሞች ያዩታል፤ ማን ያነክሳል? ማን ቁና ቁና ይተነፍሳል? የጠረጠሩትን ልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል።

እኔን ያስቆመኝ የተሳፋሪዎቹ መዝገብ ነው። ቲኬትህን ማን ከፈለልህ? የምትሄደው ወደ ማን ነው? አድራሻው የት ነው? ብቻዋን የመጣች ሴት ዘመድ መጥቶ እስኪወስዳት፣ ወይ ቴሌግራም ወይ ገንዘብ እስኪላክላት አትለቀቅም። በሩ የተከፈተ ቀን መጀመሪያ የተመዘገበችው አኒ ሙር የምትባል የ17 ዓመት አየርላንዳዊት ናት። ሁለት ወንድሞቿን ይዛ ኒው ዮርክ ቀድመው የገቡት እናትና አባቷ ጋ መሄዷ ነበር።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ ዋሽንግተን፣ ደለስ ኤርፖርት ስደርስ፣ እናቴ የዚችኑ የአክስቴን ልጅ ስልክ ሦስት ቦታ ጽፋልኝ ነበር። አንዱ ፓስፖርቴ ውስጥ፣ አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱ ጡት መያዣዬ ውስጥ። ወጣሁ፤ ማንም የለም። አንድ ሰዓት ቆምኩ። አንድ ጎልማሳ ታክሲ ነጂ መጣና፣ "አበሻ ነሽ አይደል የኔ ልጅ?" አለኝ። እንባዬ ቀደመኝ። ስልኩን ቢደውል አይነሳም። "ሰፈርሽ የት ነው?" "ኮልፌ።" "ቆይ እስቲ።" አንድ የኮልፌ ልጅ ጋ ደወለ፤ እሱ ሌላ ሰው ሰጠው። ሦስተኛው ሰውዬ የአክስቴ ልጅ ከምትሠራበት ፓርኪንግ ጎን ነበር የሚሠራው። በእግሩ ሄዶ ጠራት።

ጥፋቱ የእናቴ ነው፣ ወይም የማንም አይደለም። "ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች" ብላ ነግራታለች። አሜሪካ ዓመታት የኖረችው የአክስቴ ልጅ ምሳዋን በልታ፣ ከሥራ አስፈቅዳ ልትመጣ ነበር።

ኤሊስ ደሴት ላይ፣ ከትልቁ የመመዝገቢያ አዳራሽ መውጫ አጠገብ አንድ ምሰሶ አለ። የመሳሚያ ምሰሶ ይሉታል። ዘመድ ከዘመዱ የሚገናኘው እዚያ ነበር። የየአገሩ ሰው አሳሳም እንደሚለያይ ሠራተኞቹ ያወሩ ነበር አሉ። የኛን ቢያዩት! ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ "በሞትኩት፣ ከሳሽ" ይከተላል።

"ያኔ መች ሳምሽኝ?" አልኳት። "መጀመሪያ የጮኽሽብኝ 'ለምን አልደወልሽም' ብለሽ ነው።"

ምሰሶው ስር አቅፋ ሳመችኝ። ፎቶ ሊነሱ የቆሙ ቱሪስቶች ፈንጠር እንድንልላቸው በእጅ ጠቆሙን።

"የመመለሻዋ ጀልባ በስንት ሰዓት ናት?"

"በሦስት።"

"በማን ሰዓት?"