«ሪዘርቬሽን አለኝ» ያለው እንግዳ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። አንድ ፈረንጅ ቁርሱን በልቶ ወደ ባንኮኒው መጣ። በማግስቱ ወደ ሰሜን ተራሮች ሊሄድ ነው። «አይ ሃቭ ሪዘርቬሽንስ አባውት ዘ ትሪፕ» አለኝ። ፊቴ በራ። ደባርቅ ላይ አልጋ ይዟል፣ አንድ ሥራ ቀነሰልኝ ብዬ «ቬሪ ጉድ ሰር!» አልኩት።

ሰውየው ትክ ብሎ አየኝ። ለካ ያለኝ «ስለ ጉዞው ልቤ አልቆረጠም» ነው። እኔ ደግሞ እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

ለኔ ሪዘርቭ ማለት አልጋ መያዝ ነበር፣ በቃ። ጎንደር ሆቴል ውስጥ የሠራ ሰው ይገባዋል። የጥምቀት ሰሞን፣ ከጥር 10 ከተራ እስከ ጥር 12 ድረስ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወርደው እስኪመለሱ፣ ከተማው ውስጥ አልጋ ማግኘት ዕድል ነው። ስልክ የሚደውለው ሁሉ «ሪዘርቭ አድርግልኝ» ይላል። ቃሉ ሌላ ሥራ ይኖረዋል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ያን ቀን ማታ ደብተር ገዛሁ። አንድን ነገር ለይቶ ስለማስቀመጥ የሚነገሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ልለቅም ተነሳሁ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ በሙሉ ከሰረ። ምን አደረግኩ? በአንድ በኩል ሪዘርቭ፣ ሴት አሳይድ፣ ኢርማርክ፣ አሎኬት ብዬ ደረደርኩ። በሌላው በኩል አራቱም ፊት «ማስቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። አራቱን በቃሌ ያዝኳቸው፣ የትኛውን የት እንደምል ግን አላውቅም። ተመሳሳይ ቃላትን በዝርዝር መሸምደድ የቁልፍ ዘለላ ይዞ በሩን እንዳለማወቅ ነው።

መንገዱን ያሳየችኝ እናቴ ናት፣ እንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳታውቅ። አንድ እሑድ ጓዳ ስገባ «ልጄ፣ ያቺን ጤፍ እንዳትነካት፣ ለዘር የተባለች ናት» አለችኝ። ቆም አልኩ። ለዘር የተባለች። «የተቀመጠች» አላለችም። ቅቤውን ደግሞ «ለፋሲካ አቆይቼው ነው» ትላለች። ለእንግዳ የምትተወውን እንጀራ «አስቀርቼ» ትላለች። ለካ እኛም አንድ ቃል የለንም! ከዚያ በኋላ ነጠላ ቃል መጻፍ ተውኩ። ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ከሥሩ እናቴ እንዴት ትለው እንደነበር እጽፋለሁ።

ኢርማርክ በዚህ መንገድ አንድ ምሽት ነው የፈጀብኝ። «ዘ መኒ ኢዝ ኢርማርክድ ፎር ዘ ስኩል» ማለት «ብሩ ለትምህርት ቤቱ የተባለ ነው» ማለት ነው። ሌላ ቦታ አይውልም። ቃሉ ጆሮና ምልክት ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። የእንግሊዝ ገበሬዎች ከብታቸውን ከሰው ከብት ለመለየት ጆሮውን ቆረጥ ያደርጉት ነበር። ኋላ ላይ ያ ምልክት ወደ ገንዘብ ዞረ። ይህን ደንቢያ ላለው አጎቴ ብነግረው «ታዲያ እኔስ በጎቼን በምን የምለያቸው መስሎህ ነው?» አለኝ። ደብተሬ ላይ ከኢርማርክ ጎን የበግ ጆሮ ሣልኩ፣ ጫፉ የተቆረጠ። እስከ ዛሬ ቃሉን ስሰማ ያ ጆሮ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ኢርማርክ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል። የኮንግረስ አባላት ይህ ብር በኔ አካባቢ ላለው ለዚህ ድልድይ፣ ለዚያ መንገድ ይሁን ብለው በጀቱ ውስጥ የሚያስገቡትን ነው እንዲህ የሚሉት። በ2011 አቁመውት በ2021 መልሰውታል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እና ለአሜሪካዊ ሲጻፍ ቃሉ እንደዚያ ሊሸት ይችላል።

አሎኬት ቀላል ነው። መመደብ ነው። የቢሮ ቃል ነው፣ በጀትና ክፍል ቁጥር ላይ ይሠራል፣ ቅቤ ላይ አይሠራም።

ወደዚያ ፈረንጅ ልመለስ። ሪዘርቭ ከላቲን የመጣ ነው፣ ሥሩ ወደ ኋላ ማስቀረት ነው። አልጋውን ከሌላው ገበያተኛ ያስቀሩልሃል። ጉዞው ላይ «ሪዘርቬሽንስ» ሲኖርህ ደግሞ የምታስቀረው ከልብህ ነው። እሺ ብለሃል፣ ግን ሙሉ ልብህን አልሰጠህም። ሰው ሪዘርቭድ ነው ሲሉ ደግሞ ብዙ የማይናገር፣ ቁጥብ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። ቁጥብ! ከቁጠባ ጋር አንድ ቤት አይደለም እንዴ? ቃሉን የሚያስቀር ሰውና ብሩን የሚያስቀር ሰው በኛም ዘመዳሞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሪዘርቭን ተሳስቼ አላውቅም።

ሴት አሳይድ ግን አዋረደኝ። መጀመሪያ የለፋሁት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። «ሴት ኢት አሳይድ» እንጂ «ሴት አሳይድ ኢት» አይባልም። «ኢት» መሀል ትገባለች። ይህን ሳውቅ የጨረስኩ መሰለኝ። ከዚያ አዘዞ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ውጭ አገር ያለች እህቱ በስልክ የላከችለትን የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ተፈርዶባት ነበር። ወረቀቱ «ዘ ጀጅመንት ኢዝ ሴት አሳይድ» ይላል። እኔ፣ የቃሉ ሊቅ፣ «ፍርዱ ለጊዜው ተቀምጧል ይላል፣ አያ» አልኩት። «ተቀምጦ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደው አደረ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዶ ሻማ አበራ።

በሦስተኛው ቀን ሕግ ያጠና ጓደኛዬን ብጠይቀው ሳቀብኝ። ፍርድ ቤት ሴት አሳይድ ካለ «ተሽሯል» ማለት ነው። የተቀመጠ ነገር የለም። በሴትዮዋ ላይ የተፈረደው ቀርቷል፣ እኔ ወንድሟን አስለቅሻለሁ። ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ እልል አለ፣ ቀጥሎ ሰደበኝ። ልክ ነው። አሁን ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ማን እንደተናገረው እጽፋለሁ፦ ዳኛ፣ ገበሬ፣ የሆቴል ሰው። ሕግና ሕክምና ያለበትን ወረቀት ደግሞ ሳላጣራ ለማንም አላነብም።

ገበሬ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሴት አሳይድ አውሮፓ ውስጥ የእርሻ ስም ሆኖም ያውቃል። እህሉ ከገበያው ስለተረፋቸው፣ ከ1988 ጀምሮ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ገበሬው ከማሳው ጥቂቱን ሳያርስ እንዲተው ክፍያ ይሰጡ ነበር። በ2008 አስቀሩት። በኛ አማርኛ ያ መሬት ጦም ያደረ መሬት ነው። አጎቴን ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» እላለሁ።

«ጦም ላደረ መሬት ብር ይሰጣሉ ነው የምትለኝ?»

«ይሰጡ ነበር።»

«በል አድራሻቸውን አስቀምጥልኝ» አለኝ።