የዳንቴስን ክፍል ፍለጋ ወደ ሻቶ ዲፍ

ፊልሙን ያየሁት ገና ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ ጋሼ ተውሰው ባመጡት የቪዲዮ ካሴት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 በሆሊዉድ የተሠራ፣ ከአሌክሳንደር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» ልቦለድ የተወሰደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረውን መርከበኛ ኤድሞንድ ዳንቴስን ሆኖ የተጫወተው ሮበርት ዶናት ነበር። እንግሊዝኛው ለእኛ ለልጆቹ ስለሚከብደን ጋሼ ከጎናችን ተቀምጠው እየተረጎሙ አሳዩን። ዳንቴስ በጎረቤት ክፍል ታስሮ በነበረው በሟቹ ቄስ በአባ ፋሪያ መግነዝ ውስጥ ገብቶ ወደ ባሕር ሲወረወር ግን እሳቸውም መተርጎሙን ረስተው ዝም አሉ። ያንን እስር ቤት፣ በፈረንሳይ የወደብ ከተማ በማርሴይ ፊት ለፊት ደሴት ላይ ያለውን የሻቶ ዲፍ ምሽግ፣ በዓይኔ ለማየት የተመኘሁት ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማርሴይ በደረስኩበት ዕለት መሻገር አልተቻለም። የአገሩ ሰዎች ሚስትራል የሚሉት ብርቱ የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ጀልባ ከደሴቲቱ ድንጋያማ ዳርቻ መጠጋት ስለማይችል ጉዞው ይሰረዛል። በማግሥቱ ነፋሱ ጋብ ሲልልን ከአሮጌው ወደብ ተነሥተን ሃያ ደቂቃ ያህል ተጓዝን።

ምሽጉን ወደቡን እንዲጠብቅ ያሠራው ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን እስር ቤት ሆነ። የእስረኞቹ ክፍሎች የውኃ ጉድጓድ ያለበትን ጠባብ ግቢ ከበው ይገኛሉ። ገንዘብ ያለው እስረኛ ከፍሎ መስኮትና የእሳት ምድጃ ያለው የፎቅ ክፍል ያገኝ ነበር፤ ድሃው ግን ብርሃን በማይገባበት ታችኛው ክፍል ከብዙዎች ጋር ይታጎር ነበር። በሃይማኖታቸው ምክንያት ወደዚህ የተጋዙት ፕሮቴስታንቶች 3,500 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች በየበሩ ላይ ስም ሳይጻፍላቸው፣ ፈጽሞ ያልኖረው ዳንቴስ ግን ስሙ የተለጠፈበት ክፍል አለው።

ገባሁ። ወደ ፋሪያ ክፍል የሚያሻግረው ቀዳዳ ከግድግዳው ሥር ይታያል። ለጎብኚ ሲባል የተከፈተ መሆኑን ባውቅም ተንበርክኬ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩት። ድንጋዩ ርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ አቧራው ከላቤ ጋር ተለውሶ እጄ ላይ ቀረ። ፊልሙ የተሠራው በሆሊዉድ ስለሆነ ዶናት የሚታይበት ግድግዳ ይህ አይደለም፤ ቢሆንም ብቸኝነቱ በፋሪያ መምጣት የተሰበረበትን ቅጽበት እንደዚያ ሰዓት ተረድቼው አላውቅም። የፊልሙን ፍጻሜ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። ዱማ ዳንቴስንና ከመታሰሩ በፊት እጮኛው የነበረችውን መርሴዴስን እንደተለያዩ ሲተዋቸው ፊልሙ መልሶ አገናኝቷቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን በዚያ ጨለማ ያለፈው ዘመን ምንም እንዳልወሰደበት ይመስላል።

ከክፍል ወደ ክፍል ስዘዋወር ከአእምሮዬ ያልጠፉት የደራሲው አባት ጄኔራል ቶማ አሌክሳንደር ዱማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1762 በዛሬዋ ሃይቲ፣ በባርነት ትኖር ከነበረች ማሪ ሴሴት ከምትባል ጥቁር ሴትና ከፈረንሳዊ መኳንንት የተወለዱት እኚህ ሰው በፈረንሳይ ጦር እስከ ጄኔራልነት ደርሰዋል። በ1799 ከግብፅ ሲመለሱ መርከባቸው ውኃ እያስገባች ስላስቸገረቻቸው በደቡብ ጣልያን ታራንቶ ወደብ ቢያርፉ፣ ተይዘው ሁለት ዓመት ያህል ታሰሩ። ጤናቸው ተቃውሶ ወጡ፤ በ1806 ሲሞቱ ልጃቸው አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዱማ ስለ እስር የጻፈው በቤቱ ከነበረ ቁስል ተነሥቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጣሪያው ላይ ስወጣ ማርሴይ ከነሙሉ ግርማዋ ፊት ለፊት ተዘርግታለች። በየዓመቱ ዋናተኞች ከዚህ ደሴት እስከ ከተማዋ ዳርቻ 5 ኪሎ ሜትር ይወዳደራሉ፤ እኔ ግን ከሥር የሚጋጨውን ማዕበል አይቼ ከአጥሩ ወደኋላ አልኩ። ለጋሼ በቪዲዮ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ደርሻለሁ» ብዬ ስልኩን ወደ ባሕሩ አዞርኩላቸው።

ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «የወረወሩት ከዚህ ነው?»

«እዚሁ ነው እንበል፣ ጋሼ።»

«በል እንግዲህ፣ ቀዳዳዋንም አሳየኝ» አሉኝ።

የመመለሻው ጀልባ ሊመጣ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ደረጃውን በሩጫ ተመልሼ ወረድኩ።