ድራማ ልይ ወይስ ፈተና ልቀመጥ?

ቴሌቪዥን የማየው ሲደክመኝ ነው። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። ፍንጭ የምለቅም፣ ማን የማን አጎት እንደሆነ ወረቀት ላይ የምጽፍ ተመልካች አይደለሁም። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ፣ ስልኬን በአንድ እጄ ይዤ ነው የማየው። አጠገቤ የምትቀመጠው እህቴ ደግሞ ምንም ነገር አይረሳትም። በየአስር ደቂቃው «ይሄ ሰውዬ ማን ነበር?» ስላት ሪሞቱን አንስታ ታቆመዋለች፣ ታስረዳኛለች፣ ትቀጥላለች። አሁን አሁን ማስረዳቱን ትታ ዝም ብላ ታየኛለች።

እኔ ግን ጥፋቱን ለድራማዎቹ ነው የምሰጠው። በጣም ይቆያሉ። ጠፍተው ጠፍተው ይመጡና ትናንት እንደተለያየን ሆነው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

ሴቨራንስን እንውሰድ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በፌብሩዋሪ 2022 ወጣ፤ ሁለተኛው በጃንዋሪ 2025። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው።) ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ማለት ነው። ታሪኩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቺፕ ስለተቀበረላቸው ሠራተኞች ነው። ዋናው ሰውዬ ማርክ ነው፤ ሥራ ቦታ ያለው ማርክ ቤት ያለውን ማርክ አያውቀውም፤ የቤቱም የሥራ ቦታውን አያውቅም። እነሱ በቀዶ ጥገና ነው የረሱት፣ እኔ በመጠበቅ። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ማርክ ነጩ ኮሪደር ውስጥ ይሮጣል፣ ይሮጣል። እኔ ደግሞ «ለምንድን ነው የሚሮጠው?» እላለሁ። እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ስላሉት ፍየሎችማ አትጠይቁኝ።

ድራማው አይወደድም ማለቴ አይደለም። ማርክን የሚጫወተው አዳም ስኮት ሊፍቱ ውስጥ ሲቆም አይታችሁታል? ልብሱ ያው፣ ጸጉሩ ያው። በቅጽበት ዓይኑ ይንቀጠቀጥና ሌላ ሰው ይሆናል። የትከሻው አያያዝ ሳይቀር ይለወጣል። መሀል ላይ የሚጎተቱትን ክፍሎች የታገስኩት ለዚያች ቅጽበት ስል ነው።

ስትሬንጀር ቲንግስ ደግሞ ባሰበት። በ2016 ሲጀምር ልጆቹ የምር ልጆች ነበሩ። የመጨረሻው ክፍል የወጣው በ2025 የመጨረሻ ቀን ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚያልፈው፣ 1989 ላይ የምትደርሰውን መዝጊያ ትተን፣ ከ1983 እስከ 1987 ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ተዋንያኑ ግን የእድሜያቸውን ኖረዋል። ሙሉ ሰው የሆነ ጎረምሳ የደብተር ቦርሳ አንግቶ ሲመጣ እንዴት አምኜ ልቀበለው? መጨረሻው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እሱ ክፍል አይባልም፣ ፊልም ነው። ግማሹን በተኛሁበት ነው የሰማሁት።

ምክንያት የላቸውም አልልም። በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች ለ148 ቀናት፣ ተዋንያኑ ደግሞ ለ118 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር። ብዙ ቀረጻ ቆሟል። አድማው ካበቃ ግን ቆይቷል። የአሁኖቹ ድራማ ሠሪዎች እያንዳንዱን ምዕራፍ እንደ ትልቅ ፊልም ነው የሚያስቡት። ድሮ በዓመት ሃያ ሁለት ክፍል ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ለስምንት ክፍል ሦስት ዓመት እንጠብቃለን።

«ባለፈው ክፍል» የምትለዋ የሁለት ደቂቃ ማስታወሻስ? እሷም ነገር ታበላሻለች። ከስንት ጊዜ በፊት የጠፋ ሰው እዚያ ላይ ፊቱን ካሳየ ዛሬ ይመጣል ማለት ነው። አለቀ። ድንገት በር ከፍቶ ሲገባ ሙዚቃው ይጮሃል፣ እኔ ግን ከጠበቅኩት ሃምሳ ደቂቃ ሆኖኛል።

ከዚህ ሁሉ የገላገለኝ ዘ ፒት ነው። ፒትስበርግ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ተረኞችን ይከተላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ አሥራ አምስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ተረኛ ቀን አንድ ሰዓት ነው። ያኔ ምን ሆነ፣ ከስንት ዓመት በፊት ማን ማንን ከዳ የሚባል ጣጣ ብዙም የለም። ሰው ታሞ ይመጣል፣ ያክሙታል ወይም ያቅታቸዋል፣ ቀጣዩ ይገባል። ዋናውን ሐኪም የሚጫወተውን ኖዋ ዋይሊን በድሮው የሆስፒታል ድራማ በኢ.አር. ወጣት ሐኪም ሆኖ ነበር የምናውቀው፤ ያ ድራማ የጀመረው በ1994 ነው። አሁን ጢሙ ሸብቶ አለቃ ሆኗል።

የታካሚዎቹን መጠበቂያ ክፍል ተመልከቱ። ደረቴን ያመኛል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ አለ። በመጀመሪያ ያጉረመርማል። ቀጥሎ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይጮሃል። በየሳምንቱ ፊቱ እየጠቆረ ይሄዳል። የት እንደሚደርስ አልነግራችሁም፤ ሲፈነዳ ግን ማን እንደሆነ እህቴን መጠየቅ አላስፈለገኝም። አብሬው ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

በ2025ቱ ኤሚ፣ ማለትም በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ሴቨራንስ 27 ዕጩነት ይዞ ቀዳሚ ነበር። የምርጥ ድራማውን ሽልማት የወሰደው ግን ዘ ፒት ነው። እህቴ ተናደደች፣ እኔ አጨበጨብኩ። ሁለተኛው ምዕራፍም በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 2026 ላይ ከተፍ አለ። አየህ፣ ይቻላል!

ስሎው ሆርስስም እንደዚሁ ነው። ከ2022 እስከ 2025 አምስት ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ስድስት ስድስት ክፍል። የመጀመሪያው ሲያልቅ የሁለተኛውን ማስታወቂያ እዚያው አሳይተውን ነው የተሰናበቱት፤ አብረው ቀርጸውት ነበራ። ጋሪ ኦልድማን ጥፋት አጥፍተው ወደ ጎን የተጣሉ የእንግሊዝ ሰላዮች አለቃ ነው። ካልሲው የተቀደደ፣ ጸጉሩ ቅባት የጠጣ፣ ሰው ፊት የሚፈሳ አለቃ። ሴራው ቢምታታባችሁም ግድ የለም፤ እሱ ጠረጴዛ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሰው ሲሰድብ ማየት ብቻውን ይበቃል።

አዶለሰንስ ግን ሌላ ነው። አራት ክፍል ብቻ። እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ። በግድያ የተጠረጠረ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ሦስተኛው ክፍል ከሞላ ጎደል አንድ መነጋገሪያ ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ። ትኩስ ቸኮላታ አምጥታለታለች። መሀል ላይ ልጁ ያዛጋል፤ «አሰለቸሁህ እንዴ?» ትለዋለች። ማዛጋቱ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም፣ የምሩን ነው። እሷም ሳትደነግጥ አብራው ሄደች። ያን ልጅ የተጫወተው ኦወን ኩፐር ከዚያ በፊት ስክሪን ላይ ተውኖ አያውቅም፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ ኤሚ ወሰደ። ያን ክፍል ሳይ ስልኬ የት እንደነበረ አላውቅም።

ሁለተኛ ምዕራፍ ይሠራ የሚሉ አሉ። እኔ አይሠራ ባይ ነኝ። ያ ቤተሰብ የሚነገር ታሪኩ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ ቢጎተት ቁስል መነካካት ነው የሚሆነው። ሌላ ቤተሰብ፣ ሌላ ታሪክ ይዘው በዚያው ካሜራ ቢመጡ ግን አያለሁ። እሱም ቅዳሜ ማታ ከሆነ ነው፤ በማግስቱ ሥራ እያለ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም።