ባትሪ ገዛሁላት፣ ችግሯ ግን ሽቦ ነበር

ያለችኝ መኪና አሮጌ ስቴሽን ዋገን ናት። በዕድሜ ብዙም አንበላለጥም። ጋራዥ ብትገባ የጥገናው ሂሳብ ከራሷ ዋጋ ሊበልጥ ሆነ፤ እኔም ግቢ ውስጥ አቁሜ ራሴ ልሞክር አልኩ። በእጄ የነበረው አንድ ክሪክ፣ ጥቂት መፍቻ እና ከልክ ያለፈ ድፍረት ነው።

ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች። ቁልፉን ስጠመዝዘው ሁለቴ ታቃስትና ዝም። ባትሪዋ ሞቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። ሁለት ቀን ተነሳች፣ በሦስተኛው ወደ ጠባይዋ ተመለሰች። እሺ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው ብዬ ዋጋ ማጠያየቅ ስጀምር ጎረቤቴ "ቆይ፣ ለክተኸዋል?" አለኝ። አልለካሁም። ምን እንደሚለካም አላውቅም ነበር።

ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ ተዋስኩ። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ሙሉ ነው ማለት ነው። ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ጎረቤቴ ቁልፉን እንዲጠመዝዝ ነገርኩት። እዚህ መሃል ከግማሽ ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም፣ የእኔ ግን ከ2 አለፈ! ሞተሪኖው ማግኘት ያለበት ጉልበት መንገድ ላይ እየቀረ ነበር ማለት ነው። የማሳውን ሽቦ፣ ማለትም ባትሪውን ከሞተሩ የሚያገናኘውን፣ ስፈታው ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መልሼ አጠበቅሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ጠመዘዝኩ፣ ተነሳች። የድሮው ባትሪ ምንም ችግር አልነበረበትም፣ አሁንም እቤት ተቀምጦ ያየኛል።

ቀጥሎ ፍሬን። ስይዝ ወደ ቀኝ ትጎትተኛለች። የመጀመሪያ ቀን በክሪክ ብቻ አንስቼ ጎማ ፈታሁ፤ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ስመለስ ክሪኩ ቀስ እያለ ወርዷል። ሥሯ ብሆን ኖሮ... በማግስቱ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ገዛሁ፣ እዚህ ላይ ርካሽ አልፈለግሁም።

የግራውን የፊት ጎማ ስፈታ የውስጠኛው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ሊነካ ደርሷል፣ የውጪው ግን ገና ነው። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የሚጨምቀው) የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች ደርቀው ተጣብቀዋል፣ ስለዚህ አንዱ ሸራ ብቻውን ሲሠራ ኖሯል። ግራው ሲደክም ቀኙ ይጎትታል፣ ነገሩ ይሄው ነው። ዘንጎቹን አጽድቼ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ቀባሁ (ተራው ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል)፣ ሸራውን ደግሞ በሁለቱም በኩል ቀየርኩ። ብሎኖቹን ካርቶን ላይ ሥዕል ሥዬ በየቦታቸው ሰካኋቸው፤ እንዲህ ባላደርግ መጨረሻ ላይ አንድ ብሎን እጄ ላይ መቅረቱ አይቀርም ነበር።

የታይሚንግ ቺንጊያውን፣ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የሚያስኬደውን፣ ግን አልነካሁም። እሱ አንድ ጥርስ ከሳተ ሞተር ሊበላ ይችላል፣ ለባለሙያ ሰጠሁት።

ስቴሽን ዋገን ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። የኋላ መጥረጊያውና የታርጋው መብራት ከጠፉ፣ ፊውዙም ደህና ከሆነ፣ የኋላ በሩና ጣሪያው መሃል ያለውን የጎማ ቱቦ ገልጣችሁ እዩ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ። የእኔ ሁለቱ ተበጥሰዋል፣ አንዱ በላስቲኩ ብቻ ተንጠልጥሏል። ዝም ብሎ ጫፍና ጫፉን መቋጠር አያዋጣም፣ ሽቦው ያጥርና እዚያው ተመልሶ ይበጠሳል። መሃሉ ላይ ቁራጭ ለስላሳ ሽቦ ጨምሬ በስታኞ በየድኩት።

በሩን ከፍቶ የሚይዘው የጋዝ ዘንግ ግን ደክሟል፣ ለእሱ ገንዘብ አልተረፈኝም። አንዴ አናቴ ላይ ወርዶብኛል። ለጊዜው የመጥረጊያ እንጨት ቆርጬ እደግፈዋለሁ፣ እንጨቱም ከመለዋወጫ ጎማው ጎን የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል።