የጋሼ ሁለት ነጥብ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ዘመነ ማቴዎስን ሸኝተን ዘመነ ማርቆስን ልንቀበል ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ጳጉሜ 5 ማታ፣ ጅማ ቆጪ ሰፈር ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ሆኜ ነው። መብራት ገና አሁን መጣ። ዝናቡ አላቆመም። የጅማ ክረምት እንቁጣጣሽ ደረሰ ብሎ አይሰናበትም። ደጅ ላይ አንዲት እናት ሁለት ዶሮ ዘቅዝቀው ይዘው ከባለ ባጃጅ ጋር በዋጋ ይከራከራሉ። አደይ የያዙ ልጆች ከአሁኑ ሦስት ጊዜ መጥተውብኛል። ሦስቱንም ጊዜ ሰጠኋቸው። ደስ ብሎኛል፣ በዓል ነው።

ዘንድሮ ግን እንኳን አደረሳችሁ ስል አንድ ሰው ይጎድልብኛል። ስለዚህ መልካም ምኞቱ ትንሽ ይዘገይና ስለ እሳቸው ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ የመቶ ቃል ጓደኞቼን ታውቃላችሁ። በየወሩ የመጨረሻው እሑድ ፈረንጅ አራዳ አንዲት ጀበና ቡና ጋ እንሰበሰባለን። አሥራ አንድ ነን። እያንዳንዳችን አንድ ታሪክ እንጽፋለን። ከመቶ ቃል አይበልጥም። ስም አይጻፍበትም። በእጅ ጽሑፍ እንዳንተዋወቅ እኔ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊደል ጽፌ፣ አትሜ እወስዳለሁ። ይነበባል፣ ድምፅ ይሰጣል። ለራስ ድምፅ መስጠት ክልክል ነው። ያሸነፈ ሰው የሁላችንንም ቡና ይከፍላል፣ የሚቀጥለውንም ወር ርዕስ ይሰጣል። ሌላ ሽልማት የለም። የጀመርነው መስከረም 2016 ነው፤ እስከ ዛሬ አንድም ወር አላለፈንም።

መቶ ቃል ሲባል ያንሳል። ግን አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። «ስላልነገርኩሽ» አንድ ቃል ነው። ማን፣ ለማን፣ ምን እንዳላደረገ፣ ጸጸቱ ሳይቀር እዚያው ውስጥ አለ። ችግሩ የሚመጣው ቆጠራው ላይ ነው። ቡና ቤት አንድ ቃል ነው ሁለት? ሆደ ሰፊስ? ቤተ ክርስቲያንስ? ሰው ሲጨንቀው ቃል ያጣብቃል። ሁላችንም አጣብቀናል።

ጋሼ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው።

ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተዋል። «ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ናት፤ መቶ ቃል ለእናንተ ድግስ ነው» ይሉን ነበር። የኮምፒዩተርን ቆጠራ አያምኑም። ያተምኩትን ወረቀት ይቀበሉኝና ከደረት ኪሳቸው እርሳስ ያወጣሉ። በምላጭ የተቀረጸች፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትረዝም እርሳስ። ከዚያ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያስቀምጣሉ፣ እንደ ድሮ መጽሐፍ። ድምፅ አያወጡም፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አሥር ሲሞላ ነጥቧን ጫን ያደርጓታል። ወረቀቱን ገልብጣችሁ በጣት ብትዳብሱት አሥሮቹ ይታወቃሉ።

ከመካከላችን ሁለቱ የሚጽፉት በአፋን ኦሮሞ ነው። ጋሼ የእነሱንም ይቆጥሩ ነበር። በቁቤው መካከል የግዕዙ ሁለት ነጥብ ተደርድሮ ሲያዩት ፊታቸው ይፈካል። «ተስማሙ!» ይላሉ።

በጥቅምት እኔና ጋሼ ተጣላን።

ስለ እናቴ ጽፌ ነበር። ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። ኮምፒዩተሩ መቶ ነው አለ። ጋሼ መቶ አንድ አሉ። «ቡናቤት» ብዬ ያጣበቅኩትን ለዩብኝ። መሀሉ ላይ ሁለት ነጥብ አስቀመጡና ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉት። ሳይነበብ ቀረ። ደሜ ፈላ። በሰው ፊት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፈተና አይደለም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የሚወጣ ቃል እኮ ነበረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ‹በጣም› አለ» አሉኝ።

ኅዳር ላይ አልጻፍኩም። የሌሎቹን አትሜ በሰው ልላክ ብዬ ቆርጫለሁ። አንድ ጠዋት ጋሼ ሱቄ መጡ። ከተማው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለነበር ሱቁ ጭር ብሏል። የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝና «አሥራ አንድ ኮፒ» አሉ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ዘርግቼ ማሽኑ ላይ ሳደርገው የኔው ታሪክ ነው። ነጥቦቹ እንዳሉ ናቸው። «በጣም» ላይ ብቻ በእርሳስ አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያለ «በጣም» አነበብኩት። እናቴ እዚያው ፊቴ የቆመች መሰለኝ።

የአሥራ አንዱን ኮፒ ሒሳብ ቆጥረው ከፈሉ። ባልቀበል ደስ ባለኝ፣ ግን ተቀበልኩ። አመሰግናለሁም አላልኳቸውም። ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም ነበር። ታሪኩ በዚያ እሑድ ተነበበ።

የጥርን ዙር ጂረን ወጥተን አደረግነው፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጅ፣ ከተማዋን ቁልቁል እያየን። ባጃጁ ሁላችንንም አልችል ስላለ ዳገቱ ላይ ወርደን በእግር ጀመርን። ጋሼ ሦስት ጊዜ ቆሙ። «አየሩን እያጣጣምኩ ነው» አሉን። አመንናቸው። ሲስተር ብቻ ዝም ብላ አየቻቸው።

የካቲት ላይ አሸነፉ፣ ከጀመርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለአሥራ አንድ ስኒ ቡና 165 ብር ሆነ። ሁለት መቶ ብር ሰጡ። ባለ ቡናዋ እማማ 35 ብር መልስ አልነበራቸውም። «ይቆይልኝ፣ በሚቀጥለው እሰጥዎታለሁ» አሏቸው። ጋሼ ሳቁ። «በሉ፣ የመጋቢት ርዕስ ተገኘ። መልስ!» አሉ።

እንዴት ያለ ርዕስ ነው! የሱቅ መልስ አለ፣ የጥያቄ መልስ አለ፣ የሠርግ መልስ አለ። ከመካከላችን ባለ ባጃጁ ወንድማችን ስለ ሠርጉ ጻፈ። ሙሽራዋ ለመልስ ወደ እናት አባቷ ቤት ስትገባ በእሷ አልጋ ላይ ታናሽ እህቷ ተኝታለች። በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። ሲስተር ስለ ላብራቶሪ መልስ ጻፈች። ውጤቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ሦስት ቀን ሳይከፍት የሚዞር ሰው። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር። ለጋሼ መልስ ልሰጥ የምችለው በዚህ ነው ብዬ፣ የኅዳሯን ጠዋት ልጽፋት ፈልጌ ነበር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ጋሼ አረፉ። ልባቸው ነበር።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ወር ነው፣ ታስታውሳላችሁ። ድንኳኑ ውስጥ ጾመኛ ያልሆነ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አመሻሽ ላይ አዛን ሲሰማ ባለ ባጃጁ ወንድማችን ከኪሱ ቴምር አወጣና አዞረ። ለሁሉም አዞረ። እማማ በሁለተኛው ቀን መጡ። የጋሼ ባለቤት እትዬ አጠገብ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈቱ። 35 ብር። «የእሳቸው መልስ ነው፣ እጄ ላይ ቆይቶ ነው» አሉ። እትዬ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት።

የመጋቢት እሑድ አሥር ሰው ተገኘ፣ ዘጠኝ ታሪክ ተነበበ። የእኔ የለም። ድምፅ አልሰጠንም። ርዕሱን የሰጠው ሰው ሳይሰማው ማን ያሸንፋል?

በአርባቸው እትዬ አንድ ካርቶን አወጡልን። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያነበብናቸው ወረቀቶች በሙሉ አሉ። በየወሩ በክር ታስረዋል። ነጥብ የሌለበት አንድም ገጽ የለም። ካርቶኑን ለእኛ ሰጡን። እርሳሷን ግን አልሰጡንም። «ይቺ ለእኔ ትሁን» አሉ።

ግንቦት ላይ፣ ከእንግዲህ ነጥቡን ማን ያስቀምጥ ስንባባል፣ እትዬ ከቦርሳቸው እርሳሷን አወጡ። የመጡት ለቅሶ የደረስነውን ሊያመሰግኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልቀሩም። አይጽፉም። ይቆጥራሉ፣ ድምፅም ይሰጣሉ። አሥር ሲሞላ ጫን ያደርጋሉ። ማንም አልነገራቸውም። አርባ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጠው አይተዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ጳጉሜ። ጳጉሜ አምስት ቀን ስለሆነች የምንጽፈው አምስት ቃል ነው። ስድስት ቃል የሚፈቀድልን በ2019 መጨረሻ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው፤ ከአሁኑ የሚቆጥቡለት አሉ። አምና በጳጉሜ የጋሼ አምስት ቃል ይቺ ነበረች፦ «የቀጣኋት ተማሪ ዛሬ መርፌ ወጋችኝ።» ተማሪዋ ሲስተር መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን እንደሳቅነው ስቀን አናውቅም።

የዘንድሮውን ባለፈው እሑድ አነበብን። ያሸነፈው ይሄ ነው፦ «ሊስትሮው ለራሱ ጫማ ገዛ። አስጠረገው።» ይገባዋል። እኔም ድምፄን ለእሱ ሰጥቻለሁ። የእኔ ደግሞ ይቺ ነበረች፦ «መልስዎን ይዤ መጣሁ። በሩ ተዘግቷል።» እትዬ አራት ቦታ ሁለት ነጥብ አስቀመጡ። ጫን አላደረጉም፣ አሥር አልሞላማ። ወረቀቱን ለእኔ ሲመልሱልኝ እጄን ትንሽ ያዝ አደረጉት።

እንግዲህ ምስጋናና ምኞቴ።

ሲስተር፣ አዳር ገብተሽ ሳትተኚ የመጣሽባቸውን እሑዶች ቆጥሬያቸዋለሁ። ለጋሼ የመጨረሻ ሳምንታት ያደረግሽውን እኛ አንናገረውም፣ እትዬ ግን ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። አዲሱ ዓመት እንቅልፍ ይስጥሽ።

ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ ወረቀቶቹ እንዳይረጥቡ በፌስታል ጠቅልለህ፣ አንተ በስብሰህ ያመጣህበትን የሐምሌ ዝናብ አልረሳም። መውሊድ ከዋለ ገና ሳምንት አልሞላውም፣ እንቁጣጣሽን ደግሞ አብረን እንውላለን። ነገ ምሳ እኔ ቤት ነህ። ባለቤትህንም ይዘሃት ና።

እማማ፣ በአንድ ስኒ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበር ይዘንብዎት አንድ ቀን ፊትዎን አልቀየሩብንም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በሰኔ ተመርቀህ ወደ አገርህ የሄድከው ልጃችን፣ በቴሌግራም የላክኸው የነሐሴ ታሪክ መቶ ሦስት ቃል ነበር። እትዬ ሰላም ብለውሃል። ሦስቱ ቃል የትኞቹ እንደሆኑም ነግረውኛል፣ ስትደውል ትሰማለህ። ሥራ በቶሎ ይግጠምህ።

እትዬ፣ ይህን ጽሑፍ ሰው እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ እደርሳለሁ። ብቻዎን አይውሉም። ለጋሼ ያላልኩትን ለእርስዎ ልበልዎት። አመሰግናለሁ። እሳቸውም ይስሙት።

በነሐሴ ተቀይመሽን ለቀረሽው እህቴ ደግሞ። አንድ ቃል ነው የበለጠብሽ፣ ታሪክሽም ሳይነበብ ተመለሰ። ማተሚያው ላይ ሆኜ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። ጳጉሜ ላይ ወንበርሽ ባዶ ነበር። ወረቀትሽ ግን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ዛሬ መብራት ከመጥፋቱ በፊት አወጣሁትና ደጋግሜ አነበብኩት። አምስተኛው መስመር ላይ «ድንገት» የሚል አለ። እሱን ሰርዤ፣ አሥራ አንድ ኮፒ አድርጌዋለሁ። ነገ ከእትዬ ቤት ስወጣ በእናንተ ሰፈር አልፋለሁ። ከደጅ እጠራሻለሁ።

የመስከረም ርዕስ «ዳገት» ነው። መቶ ቃል። እስከ 25 ድረስ አድርሱልኝ።

መልካም አዲስ ዓመት!